ወደ አሥራ አንድ የዞሩ መስመሮች

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ መሥሪያ ቤትም ቀይሬያለሁ። ግን ባዶ ቢሮ ውስጥ የጠረጴዛ ስልክ ሲጮህ ስሰማ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። አንዲት ሴት የወንድሟን ሞት ብቻዋን ሆና በስልክ የሰማችው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ከእኔና ከአንድ ሌላ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ያኔ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ አብዛኛው ሥራዬ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ማውጣትና ቫይረስ ማጽዳት ነበር። ከጨንቻ ደጋ ወርጄ፣ ተምሬ፣ ዲፕሎማ ይዤ፣ የማላውቀው ነገር የቀረ የማይመስለኝ ሰው ነበርኩ። ጌታሁን እባላለሁ።

መሥሪያ ቤቱ የውስጥ ስልክ ነበረው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የማዞሪያ ሳጥን አለ፤ ከሱ በየቢሮው ሽቦ ተዘርግቷል፤ እያንዳንዱ ቢሮ ባለ ሁለት አሃዝ የውስጥ ቁጥር አለው። ከውጭ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ስልከኛዋን እትዬ ታደለችን ነው። የውስጥ ቁጥሩን የሚያውቅ ግን ቁጥሩን ጨምሮ ከመታ በእሷ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ይገባል።

ሳጥኑን የሚያዘው እትዬ ታደለች አጠገብ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ዶስ በሚሉት የድሮ ሥርዓት የሚሠራ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ በአረንጓዴ ፊደል የሚጽፍ። ሳጥኑን የተከሉት ሰዎች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም፤ ፕሮግራሙም አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልነሳም ይላል። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ሲከፈት እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። በዚያ ክረምት መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያሰቃየው ዲስኩ መበላሸት ጀመረ፤ አንዳንድ ቀን ስልኩ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይውላል። አለቃችን ጠርቶ "እንግዲህ አንድ ነገር አድርግ" አለኝ።

አዲስ አበባ ያለ አብሮኝ የተማረ ልጅ አንድ ሶፍትዌር በሲዲ ላከልኝ። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ፣ በእጅ የማይዳሰስ ኮምፒውተር ይፈጥራል፤ አሮጌው ፕሮግራም እዚያ ሲነሳ ከድሮ ቤቱ የወጣ አይመስለውም። ችግሩ፣ አዲሱ ኮምፒውተር የማዞሪያው ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አልነበረውም። ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ማገናኛ አጣሁ፤ በመጨረሻ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣልኝ። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አዲሱ ስክሪን መሃል ላይ ያ ጥቁር ስክሪን ብቅ አለ፣ አረንጓዴዎቹ ፊደሎች ተደረደሩ፣ የግድግዳው ሳጥንም ታዘዘ።

እትዬ ታደለች መነጽሯን ገፋ አድርጋ አየችው። አባቷ በጃንሆይ ጊዜ ከጎጃም የመጡ ፖሊስ ነበሩ፤ እሷ ግን እዚሁ ሴቻ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ጋሞኛ ከእኔ እኩል ትናገራለች። "እና አሮጌው የት ሄደ?" አለችኝ።

"እዚሁ ውስጥ ነው" አልኳት።

"አዲሱ አሮጌውን ዋጠው በለኛ። እንግዲህ ሆዱን እንዳያመው" አለችና ስቃ ሻይ ልትጠጣ ወጣች።

እሷ ሻይ ላይ ሳለች ነው ጥፋቱን ያጠፋሁት። የተገለበጠውን የቁጥር ዝርዝር እያየሁ ነበር። ሁሉም ቁጥር ወደየራሱ ቢሮ ይሄዳል፤ አምስቱ ግን ወደ አሥራ አንድ ዞረዋል። አሥራ አንድ የእትዬ ታደለች የገዛ ጠረጴዛ ነው። አንዱ የጥበቃ ቤቱ ቁጥር ነው፣ አንዱ የአንድ መሐንዲስ፣ አንዱ የመዝገብ ቤት፤ በምንም አይገናኙም። ዲስኩ ተበላሽቶ ስለነበር ቁጥሮቹም አብረው የተበላሹ መሰለኝ።

እስክትመለስ ጠብቄ ብጠይቃት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ስልከኛ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች ብዬ ነው። አምስቱንም ወደየራሳቸው መለስኳቸው። ይባስ ብዬ ለአለቃዬ አምስት ስህተት አግኝቼ አረምኩ አልኩት። ሰኞ በስብሰባ ላይ ተነስቶ አመሰገነኝ፣ ሰዉም አጨበጨበልኝ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ዘነበች ትባላለች። ቁጥሯ ሃያ ሰባት ነበር። እናትና አባቷ በልጅነቷ ሞተውባት ታላቅ ወንድሟ ነው ያሳደጋት፤ ሳያገባ ቆይቶ እሷን ነው ያስተማረው ይባላል። እሱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛ ወር አልፎታል። እሷ አስታማ አስታማ፣ ፈቃዷ ሲያልቅ የተመለሰች ሰሞን ነው። ጠዋት ስንገናኝ እንዴት አደረ እንላታለን። "ትናንት ትንሽ ሾርባ ቀምሷል አሉኝ" ትላለች፤ ያቺን ሾርባ ይዛ ቀኑን ሙሉ ትውላለች።

ስብሰባው በተደረገበት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ የምሳ ሰዓት ነበር። ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። እትዬ ታደለችም ቤቷ ሄዳለች። እኔ ስልክ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሥራዬን አደንቃለሁ። ዘነበች ምሳ ዕቃዋን ይዛ መዝገብ ቤት ቀርታለች።

ስክሪኑ ላይ ሃያ ሰባት በራ። ከውጭ በቀጥታ የገባ ነው። ስልኩ ከወዲያኛው ክፍል ሲጮህ ተሰማኝ፣ ተነሳ። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ፤ ያረምኩት መስመር ሠራ ብዬ።

ቀጥሎ የሰማሁት የዘነበችን ጩኸት ነው።

ሮጬ ስደርስ መደርደሪያዎቹ መካከል መሬት ላይ ተቀምጣለች። ምሳ ዕቃው ተገልብጧል። ግንባሯ ከመደርደሪያው ብረት ተጋጭቶ ይደማል፤ እሷ አላወቀችውም። "ጌታሁን፣ ወንድምሽ አረፈ አሉኝ" አለችኝ። "እስቲ አንተ ጠይቅልኝ። ተሳስተው ይሆናል። እባክህ አንተ ጠይቅልኝ።"

የስልኩ እጀታ በገመዱ ተንጠልጥሏል። አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። አንዲት የማላውቃት ሴት እያለቀሰች ታወራለች፤ የወንድሟ ጎረቤት ናት። ጠዋት አረፈ፣ ሬሳው ሳይወጣ ቶሎ ነይ ትላለች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ የደነገጠች ሰው ናት። ቁጥሩን ወንድሟ ራሱ ይሆናል የሰጣት።

ዘነበች ከታች ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም "መስመሩ ተሳስቶ ነው። ሌላ ሰው ፈልገው ነው" አልኩና ዘጋሁት።

አመነችኝ። ከሁሉም የማይለቀኝ ይሄ ነው። ደሟን በነጠላዋ ጠርጋ "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለች እጄን ይዛ ሳመችው። የፈሰሰውን ምሳዋን አብሬያት ለቀምኩ። እንድተዋት ፈራሁ፣ እንዳልተዋትም ፈራሁ። በመሃል መልሳ ትጠራጠራለች፤ "ዘነበች ብለው ነው የጠሩኝ እኮ" ትለኛለች። እኔ የፈሰሰውን መልቀሜን እቀጥላለሁ።

እትዬ ታደለች ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ ነገርኳት። በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ሄዳ ዝርዝሩን ከፈተችና ሃያ ሰባትን አየች። ከዚያ ሌሎቹን አራቱን አየች።

"ይህን ማን ነካው?" አለች።

"እኔ ነኝ። ስህተት መስሎኝ።"

ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነገረችኝ። ቤተሰቡ በጠና የታመመበት ሠራተኛ ሲኖር ቁጥሩን ወደ ራሷ ታዞረዋለች። ደህና ወሬ ከሆነ መልሳ ታቀብለዋለች። ክፉ ወሬ ከሆነ እሷ ትሰማና ዋጥ ታደርገዋለች። ከዚያ መጀመሪያ ለአለቃው ትደውላለች፣ ቀጥሎ ለቅርብ ባልደረባው፣ ከዚያ ለሰፈሩ ዕድር ዳኛ። እነሱ ተጠራርተው በማለዳ ቤቱ ሄደው ያረዱታል። ያ ሰው የሚወድቅ ቢሆን የሚይዘው፣ የሚጮህ ቢሆን አብሮት የሚጮህ አለ። በሽተኛው ሲድንለት ደግሞ ቁጥሩን ትመልስለታለች። ለስንት ዓመት እንዲህ ስታደርግ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ባለቤቶቹም አያውቁም። እኔ ስህተት ብዬ ያረምኳቸው አምስት ቁጥሮች አምስት በሽተኞች ነበሩ።

"ልጄ፣ መርዶ ሰው ይዞት ይመጣል እንጂ በሽቦ አይላክም" አለችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ጠርጥራለችና እስከ ማለዳ አልተጠበቀም፤ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤቶቿና የዕድሯ ሰዎች ተሰብስበው ዘነበችን ቤቷ ወስደው እንደገና ነገሯት። አንድን ሞት ሁለት ጊዜ ተረዳች። መሃል ላይ ያሉትን ሦስት ሰዓታት የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ደግ ነገር ይሁን ክፉ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ሁለት ሴቶች ይዘዋት ወደ አዲስ አበባ ሄደች።

ሐዘኗን ጨርሳ ስትመለስ ከስታለች፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ስልኩን ንቀልልኝ" የሚል ነበር። ነቀልኩላት። ገመዱን እየጠቀለልኩ ሳለ "መስመሩ ተሳስቶ ነው ያልከኝ ለእኔ አዝነህ ነው፣ ገብቶኛል። እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ስልኩን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያንን ማሽን ከዓይኔ አልለየውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ስለማይነሳ፣ እየሄድኩ በእጄ አስነሳዋለሁ። ባስነሳሁት ቁጥር ዝርዝሩን አያለሁ። የማን እናት እንደታመመች፣ የማን ልጅ እንደተኛ ከማንም ቀድሜ አውቃለሁ። አንድ ቁጥር ወደ ራሱ ሲመለስ በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። በየኮሪደሩ ስንቱን ሰው እያወቅሁ ሰላም ብዬ አልፌያለሁ።

ሦስት ዓመት አለፈ። አባዬ ታመመ። ጨጓራ ነው ተባለ፣ ከዚያ ጨጓራ አይደለም ተባለ፤ በመጨረሻ ቤቱ ይሁን ብለው ሐኪሞቹ መለሱት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨንቻ እወጣ ነበር። በወጣሁ ቁጥር አልጋው እየሰፋው ይሄዳል። የተከለውን እንሰት እንዳየሁለት ይጠይቀኛል፣ አየሁልህ እለዋለሁ። አንድ ሰኞ ከዚያ እንደተመለስኩ በቀጥታ ስልክ ቤት ገባሁና ሠላሳ አራትን ወደ አሥራ አንድ አዞርኩ። ሠላሳ አራት የእኔ ቁጥር ነው፤ ለቤተሰቦቼም በእሱ ብቻ ደውሉ ብያቸው ነበር። እትዬ ታደለች ከጎኔ ሆና አየችኝ። "እግዜር ይማርልህ" ብቻ አለችኝ።

ወር ሳይሞላው፣ አንድ ረቡዕ፣ አጠገቤ የሚሠራው መሰለ ሞባይሌን ለመነኝ። "የእኔ ካርዱ አልቆ ነው፣ ለደቂቃ" አለ። ሰጠሁት፣ ይዞት ጠፋ። ተላላኪያችን ያላዘዝኩትን ሻይ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። አለቃዬ አልፎ ሲሄድ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። እንግዲህ በደንብ ሲያስቡት ሁሉም ነገር ፊት ለፊቴ ነበር። እኔ ግን መሰለን እየረገምኩ ሥራዬን እሠራለሁ።

ወደ ስምንት ሰዓት መብራት ሄደ፣ ትንሽ ቆይቶ መጣ። እንደ ልማዴ ማሽኑን ላስነሳ ሄድኩ። እትዬ ታደለች ወንበሯ ላይ የለችም፤ በዚያ ሰዓት ከቦታዋ ተነስታ አታውቅም። ማሽኑን አስነሳሁት። ሲነሳ በመጨረሻ የተደወሉትን ስልኮች መስመር በመስመር ያሳያል።

ከውጭ ወደ ሠላሳ አራት ተደውሏል፤ ወደ አሥራ አንድ ዞሯል፤ ስድስት ደቂቃ። ከዚያ አሥራ አንድ ለአለቃዬ ደውሏል። ከዚያ አሥራ አንድ ለመሰለ ደውሏል። ከዚያ አሥራ አንድ ወደ ውጭ ደውሏል፤ ቁጥሩ የሰፈሬ ዕድር ዳኛ ነው።

ሌላ የተጻፈ ነገር የለም። ሌላም አያስፈልገኝም። ያንን ቅደም ተከተል ያስተማረችኝ እሷው ናት።

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ ሞቷል። መጀመሪያ የመጣልኝ መሮጥ ነው። ባጃጅ ይዤ ሲቀላ ብወርድ የጨንቻ መኪና አላጣም፣ ሳይመሽ እደርሳለሁ። ተነሳሁም። በሩ ጋ ስደርስ ግን ዘነበች ታየችኝ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። መኪና ውስጥ ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ተጨናንቄ፣ አፌን በእጄ ይዤ ዳገቱን ስወጣ ታየኝ። ሰዎቹ ለእኔ ብለው ሊሰበሰቡ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እትዬ ታደለች እያለከለከች ገባች። እኔን ወንበሯ ላይ አየች፣ ስክሪኑን አየች። ፊቷ ልውጥ አለ።

"መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?"

"አዎ፣ አስነስቼዋለሁ። ደህና ነው" አልኳት።

ፊቴን መረመረችው። እኔም የቻልኩትን ያህል ቀጥ ብዬ አየኋት። ስንቱን ሰው እንዲህ ሸፍና ያሳለፈች ሴት፣ አንድ ቀን ከወንበሯ ስለተነሳች እኔ ላይ እንዳመለጣት እንድታውቅ አልፈለግሁም። ወጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና እስከ መውጫ ሰዓት ሠራሁ። ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

ቤቴ ገብቼ ወለሉን ጠረግሁ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁና።

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው ሞልቷል፤ አለቃዬ አለ፣ መሰለ ሞባይሌን ይዞ አለ፣ የዕድራችን ሰዎች አሉ፣ እትዬ ታደለች አለች። ከፊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመችው ዘነበች ናት። የዕድሩ ሽማግሌ "ልጄ ጌታሁን፣ እንግዲህ የሰው ልጅ..." ብለው ሳይጨርሱ ዘነበች ከኋላዬ ዞራ ሁለት ክንዶቼን ያዘችኝ። እንዳልወድቅ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ሰማሁት። ማስመሰል አይደለም። እውነትም ያኔ ነው የሰማሁት። ጮኼ አለቀስኩ፤ ዘነበች አልለቀቀችኝም። "አይዞህ፣ እኛ አለንልህ፣ ብቻህን አይደለህም" ትለኛለች ጆሮዬ ሥር። ስለ አባዬ አለቀስኩ፣ ስለ እሷም አለቀስኩ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሷ አላወቀችም። ከዚያ በመኪና ይዘውኝ ጨንቻ ወጡ፣ ለቀብሩ ደረስን።

ዛሬ ያ ማዞሪያ ተነቅሎ ተጥሏል። ሰው ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዟል። የእህቱን ሞት በፌስቡክ "ነፍስ ይማር" ተብሎ አይቶ፣ ገበያ መሃል ቆሞ የጮኸ ሰው አውቃለሁ። እትዬ ታደለች ጡረታ ወጥታለች። ቨርቹዋል ማሽኑ ግን አልጠፋም፤ እንዳለ ገልብጬ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንዴ እከፍተዋለሁ። ያ ጥቁር ስክሪን ይመጣል፣ የግድግዳውን ሳጥን ይፈልጋል፣ ያጣዋል። ዝርዝሩ አሁንም አለ። ሠላሳ አራት ወደ አሥራ አንድ እንደዞረ ነው፣ አልመለስኩትም። ሃያ ሰባት ፊት ለፊቱ ባዶ ነው።

ለዘነበች እስካሁን አልነገርኳትም። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ይህን ስጽፍ ደግሞ አንድ ነገር አስፈራኝ። ይህ የሚወጣበትን ጋዜጣ ገልጣ ብቻዋን ሆና ብታነበውስ? እንዲህ ያለውን ነገር ሁለተኛ ሰው በሌለበት እንድትሰማ አላደርግም። የሁላችንንም ስም ቀይሬ እሷን ዘነበች ያልኳት ለዚህ ነው።